የቁጥር አሥራ ሰባት አንጀት

ቦንሱም ውስጥ ሰው ዶክተር የሚሆነው ወይ ላም ሊያክም ወይ ሰው ሊያክም ነው። ሦስተኛ ዓይነት ዶክተር እንዳለ መንደሩ የሰማው ከገዛ ልጁ ከሬንስኬ ነው፤ ሰምቶም አልወደደውም። ትምህርቱን በጀመረች ሰሞን ለገና ወደ ቤት ስትመጣ ጎረቤቱ ሁሉ ጉልበቱን ገልጦ ይጠብቃት ነበር። ጉልበት እንደማታይ አስረዳች። ጀርባስ አሏት። ጀርባም አላይም አለች። ታዲያ ምንድን ነው የምታዪው ብለው ሲያፋጥጧት እውነቱን ተናገረች፤ የምታየው ሰገራ ነው። ከዚያ ወዲያ ጉልበቱን የገለጠላት ሰው የለም።

ቀልዷን አልነበረም። የባዮሜዲካል ሳይንስ የዶክትሬት ተማሪ ነበረች፤ የምታጠናውም ሰው ሲያረጅ አንጀቱ ውስጥ የሚኖሩት ባክቴሪያዎች እንዴት እንደሚለዋወጡ ነው። ሆድ ሳይከፍቱ ይህን ለማወቅ ደግሞ መንገዱ አንድ ብቻ ነው። በመጀመሪያው ቀን አማካሪዋ ፕሮፌሰር ቴን ካተ አዳዲሶቹን ተማሪዎች ሰብስበው፣ ይህ ዲግሪ አራት ነገር ያስተምራችኋል ብለው ነበር፤ መጠየቅ፣ መጠራጠር፣ የሠራችሁትን ለጎረቤታችሁ በሚገባው ቋንቋ ማስረዳት፣ በመጨረሻም "ተሳስቻለሁ" ማለት። የፊተኞቹን ሁለቱን ሬንስኬ ቶሎ ለመደቻቸው። ሦስተኛው በጎረቤቶቿ ጉልበት ምክንያት ዓመታት ፈጀባት። አራተኛውን የሚያስተምር ክፍል ግን ፈልጋ አላገኘችም፤ ሌላውም ተማሪ ሲጠይቅ ስላልሰማች ተወችው።

አባቷ ገና ትንሽ ሳለች ስለሞተ፣ ለዚህ ያደረሷት አጎቷ ጋሼ ቪትሴ ናቸው ማለት ይቻላል። ጋሼ ቪትሴ ያላገቡ፣ ላም አርቢ፣ ረጅም፣ ለቃል የሚሰስቱ ሰው ናቸው። ሰኞ ሰኞ ማለዳ ላሞቹን አልበው፣ እጃቸውን ታጥበው፣ ባቡር ጣቢያ ያደርሷት ነበር። መንገዱን ሙሉ የሚናገሩት ጣቢያው በር ላይ "ደርሰናል" የምትለዋን ብቻ ነው። ሬንስኬ ግን ያቺን አንዲት ቃል ከብዙ ሰው ምክር አብልጣ ትወዳት ነበር።

ለጥናቱ ከሰባ ዓመት በላይ የሆኑ ሰዎች ያስፈልጓት ነበር። የከተማ ሽማግሌዎች የሰገራ መያዣውን ብልቃጥ ሲያዩ ስልክ እንደተደወለላቸው ያህል ይነሱና ይሄዳሉ። ስለዚህ ወደ መንደሯ መጣች። እሑድ ከአምልኮ በኋላ በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ቆማ፣ ብልቃጡንና ትንሿን ማንኪያ ይዛ፣ ፊቷ እየቀላ አስረዳች። አንዱ ጫማውን፣ ሌላው ጣሪያውን ማየት ጀመረ። ያን ጊዜ ከኋላ ወንበር የጋሼ ቪትሴ ረጅም እጅ ወጣ።

"እኔ እሰጣለሁ" አሉ።

ጋሼ ቪትሴ እጃቸውን አውጥተው ሌላው ዝም ቢል ነውር ነው። አዳራሹ ውስጥ ያለ ሽማግሌና አሮጊት በሙሉ ብልቃጥ ወሰደ። በብልቃጡ ላይ ስም አይጻፍም፤ ቁጥር ብቻ ነው። የየትኛው ቁጥር ባለቤት ማን እንደሆነ ከእሷ በቀር ማንም እንዳያውቅ ሬንስኬ ቃል ገብታ ፈርማለች። ቦንሱም ግን ምስጢር የሚያድርበት መንደር አይደለም። በማግስቱ ሰዉ ዳቦ ቤት ተገናኝቶ ቁጥሩን ተነጋግሮ ጨርሶ ነበር፤ በሳምንቱ "አሥራ ሁለት እንደምን አደርክ፣ ሠላሳ አንድ እንደምን አደርሽ" መባባል ተጀመረ። ጋሼ ቪትሴ አሥራ ሰባት ነበሩ።

ውጤቱ ሲመጣ የቦንሱም ሽማግሌዎች አንጀት እንደ ሌላው ዓለም ሽማግሌ አንጀት ሆነ፤ አሥራ ሰባት ሲቀር። የአሥራ ሰባት አንጀት የሠላሳ ዓመት ጎረምሳ አንጀት ነበር። ሬንስኬ ዓይኗን አላመነችምና ብልቃጡን ደግማ መረመረችው፤ ያው ነው። መጠየቅ ለምዳለችና አጎቷን ምን እንደሚበሉ ጠየቀቻቸው። ድንች፣ ጎመን፣ ማታ ማታ ደግሞ የአሬራ አጥሚት በገብስ። የሌሎቹንም አመጋገብ አንድ በአንድ ብትመለከት፣ አሬራ የሚቀምሱት ካልቀመሱት ትንሽ ሻል ያሉ መሰላት። ነጥቦቹን በወረቀት ላይ አስቀምጣ መስመር ብታሰምርባቸው መስመሩ ወደ ላይ ወጣ፤ ጫፉ ላይ አሥራ ሰባት ተቀምጦበታል። ያ መስመር የመመረቂያ መጽሐፏ አራተኛ ምዕራፍ ሆነ። ፕሮፌሰር ቴን ካተ እንኳ ሲያዩት መነጽራቸውን አውልቀው ጠርገው እንደገና አደረጉት፤ ይህ ከእርሳቸው ትልቅ ጭብጨባ ነው።

ወሬው መንደር ገባ፣ ከመንደር ወደ ወረዳው ጋዜጣ ወጣ። አሬራ ከሱቅ ጠፋ። አሬራ ቀርቶ ወተት የማይወዱ ሰዎች አፍንጫቸውን ይዘው ይጠጡ ጀመር። ከሁሉም በላይ የተለወጡት ግን ጋሼ ቪትሴ ራሳቸው ናቸው። ጎንበስ ብለው ይሄዱ የነበሩት ሰውዬ ቀና አሉ፤ ጸጉራቸውን በውኃ እያስተኙ ያበጥሩ ጀመር። የጎረቤት መንደር የአረጋውያን ቤት ጠርቷቸው ስለ አንጀታቸው ንግግር አደረጉ፤ ንግግሩ "አጥሚት ጠጡ" የሚል ነበር፤ ተጨበጨበላቸው። ይባስ ብሎ ባሏ የሞተባት ቺትስኬ፣ ቁጥር ሠላሳ አንድ፣ እቤቷ ሲሄዱ ሁለተኛ ቁራሽ ኬክ አቀረበችላቸው። በእኛ አገር እንግዳ አንድ ቁራሽ ይቀርብለታል፣ ከዚያ ሳህኑ ቁም ሣጥን ይገባል። ሁለተኛ ቁራሽ ያቀረበች ሴት ልቧን እንዳቀረበች ነው የሚቆጠረው፤ መንደሩም ሰርግ መቼ ነው ብሎ ይጠይቅ ጀመር።

መጽሐፉ ታተመ። የሙግቱ ቀን ተቆረጠ። በኛ ዩኒቨርሲቲዎች ተመራቂዋ በሊቃውንት ፊት ቆማ መጽሐፏን ስትከላከል ግራና ቀኝ ሁለት ሚዜዎች ይቆሙላታል፤ ድሮ ድሮ ተሟጋቾቹ በቡጢ ሲጀምሩ ለመገላገል ነበር ይባላል። ሬንስኬ አንዷን ሚዜ ከላቦራቶሪ ጓደኞቿ መረጠች። ሁለተኛው ማን እንደሚሆን ማሰብ አላስፈለጋትም፤ ጋሼ ቪትሴ ናቸው።

ሙግቱ ሦስት ሳምንት ሲቀረው የጋሼ ቪትሴ ሰባ ዘጠነኛ ዓመት ልደት ሆነ። ዘመድና ጎረቤት እንደ ደንቡ ወንበሩን በክብ አስቀምጦ፣ የገባውን ሁሉ እጅ እየጨበጠ፣ "እንኳን አደረሳችሁ" እየተባባለ ተቀመጠ። ቡና መጣ፣ ኬክ መጣ፣ ሳህኑ ተመለሰ። ሁሉም የባለ ልደቱን አንጀት ያወድስ ነበር። ጋሼ ቪትሴ ግን ውዳሴው በበዛ ቁጥር ወንበራቸው ውስጥ እየሰመጡ ሄዱ። በመጨረሻ ተነሥተው ወደ ማድ ቤት ገቡ። ሬንስኬ ተከተለቻቸው። ዕቃ ሲያጥቡ አገኘቻቸውና ፎጣ አንሥታ ታደርቅ ጀመር።

"ሚዜ ሌላ ፈልጊ" አሉ፣ ፊታቸውን ሳያዞሩ።

"ለምን? ኮቱ ጠበበዎት እንዴ?"

"ኮቱ ደኅና ነው።" አንድ ሲኒ አጥበው ጨረሱ። "ያ ብልቃጥ የኔ አይደለም።"

ሬንስኬ የደረቀውን ሲኒ ደግማ አደረቀችው። የማን እንደሆነ ስትጠይቃቸው ሌላ ሲኒ አንሥተው አጠቡ።

"የፓስተሯ ነው።"

ነገሩ እንዲህ ነበር። ጋሼ ቪትሴ ብልቃጡን ይዘው በየማለዳው ይቀመጣሉ፤ ምንም የለም። ሰው በትእዛዝ አይሆንለትም፤ ላምም ቢሆን ቆመህ ካየሃት ወተቷን ትይዛለች። ብልቃጡ የሚመለስበት ቀን ደረሰ። ባዶውን መመለስ አልሆነላቸውም፤ መጀመሪያ እጁን ያወጣው ማን ሆነና። በዚያው ጠዋት አዲሷ ወጣት ፓስተር ሄስተር፣ ከደቡብ መጥታ ሁለተኛ ሳምንቷ ነው፣ ምእመናኗን ለመተዋወቅ በየቤቱ ስትዞር የእርሳቸውን በር አንኳኳች። ቡና ጠጣች። ስትነሣም ፓስተሮች ሁሉ የሚሉትን አለች፤ "የምረዳዎት ነገር ይኖር ይሆን?" ጋሼ ቪትሴ ውሸት የማያውቁ ሰው ናቸውና "አለ" አሉ።

"እሷስ ምን አለች?" አለች ሬንስኬ።

"ምንም። መጸዳጃ ቤቱ የቱ ጋ ነው አለች።"

"ለምን እንደሆነ እንኳ አልጠየቀችም?"

"መንደሩ እንግዳ የሚቀበልበት ወግ መስሏት ነበር።"

ሬንስኬ ሳቀች። ሳቁ መሐል ላይ ወደ ሌላ ነገር ተለወጠና ፎጣውን ፊቷ ላይ አደረገችው። አራተኛው ምዕራፍ ታትሟል፤ ሊቃውንቱ እጅ ገብቷል፤ ከሳሎን ደግሞ መንደሩ የፓስተር ሄስተርን አንጀት ሲያወድስ ይሰማል። ጋሼ ቪትሴ እርጥብ እጃቸውን ምን እንደሚያደርጉት ጠፍቷቸው ቆሙ።

"እስከ እሑድ ታገሺኝ። ለሰዉ ራሴ እነግራለሁ" አሉ። "ለቺትስኬም።"

ታገሠቻቸው። ያን ሌሊት ቁጥሩን ከሠንጠረዧ አውጥታ መስመሩን እንደገና ስታሰምረው ወደ ላይ መውጣቱ ቀረና እንደ አገራችን ሜዳ ተንጣለለ። በሳምንቱ መጨረሻ ፓስተር ሄስተርን አግኝታ ስትጠይቃት ፓስተሯ እስከ አንገቷ ቀላች። "ሰው በቤቱ የነገረኝን አላወጣም" አለች፤ ቀጥላም በዝግታ፣ "ግን ደቡብ ሳለሁ ሰሜኖች እንግዳ ሰዎች ናቸው ብለውኝ ስለነበር፣ ለምንም ነገር ተዘጋጅቼ ነበር የመጣሁት።"

እሑድ መጣ፤ ጋሼ ቪትሴ በቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ጉሮሯቸውን ጠርገው ስለ ዝናብ ተናገሩ። የሚቀጥለው እሑድም ስለ ዝናብ ነበር። የመጨረሻው እሑድ ደርቆ ስለዋለ ስለ ድርቁ ተናገሩ። ሬንስኬ አማካሪዋን እንዳታማክር ፕሮፌሰር ቴን ካተ እንደ አገሩ ሰው ሁሉ ተጎታች ቤታቸውን ይዘው ወደ ተራራ አገር ሄደዋል፤ ስልካቸውንም ለእረፍት ያህል ትተውት ሄደዋል። ወረቀት ጽፋ በየመጽሐፉ ውስጥ ብታስገባ ደግሞ መንደሩ ሁሉ መጽሐፉ አለው፤ አሥራ ሰባት ማን እንደሆነ የማያውቅ ሕፃን እንኳ የለም። እውነቱን ብትናገር የምታጋልጠው የገዛ አጎቷን ነው፤ ለዚያውም ስሙን ልታወጣ የማትችለውን ሰው። ዝም ብትል ስድስት ዓመት የለፋችበት ስም ውሸት ላይ ይቆማል። በዚህ ሐሳብ ምግብ አልበላ አላት፤ የአንጀት ተመራማሪዋ አንጀቷ ተቆለፈ።

አማካሪዋ በሙግቱ ዋዜማ ከሰዓት በኋላ ፊታቸው በፀሐይ ተልጦ ተመለሱ። ስም ሳትጠራ ሁሉንም ነገረቻቸው። መነጽራቸውን አወለቁ፣ ግን አልጠረጉትም።

"አጥሚቱ ለመሆኑ ይጣፍጣል?" አሏት።

"አይጣፍጥም።"

"እኔ ክረምቱን በሙሉ ጠጥቻለሁ" አሉ በሐዘን። ከዚያም ቀጠሉ፤ "ነገ ማንም ካልጠየቀሽ ከሙግቱ በኋላ ማረሚያውን አብረን እንጽፋለን። ከጠየቁሽ ግን ብቻሽን ነሽ። ጀርባሽን ለኔ ሰጥተሽ የምትቆሚው በከንቱ አይደለም፤ እኔ በደንቡ ልናገር አልችልም።"

ሙግቱ አርባ አምስት ደቂቃ ነው፣ አንዲት አይጨምርም፣ አንዲት አይቀንስም። ሰዓቱ ሲሞላ አጋፋሪው ቃጭል ያለበትን በትሩን ይዞ ይገባና በላቲን "ሆራ ኤስት" ይላል፤ ሰዓቱ ደረሰ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ አንደበት ይዘጋል፤ ጥያቄም መልስም ቢሆን ባለበት ይቆረጣል። ስለዚህ ተማሪው ሁሉ ጥያቄ ሲከብደው ምን እንደሚያደርግ ያውቃል። ጥያቄውን ያመሰግናል፣ ውኃ ይጠጣል፣ ታሪኩን ከጥንት ግሪኮች ይጀምራል፣ ከዚያ ቃጭሉን ይጠብቃል።

ቦንሱም በአውቶቡስ መጣ። አዳራሹ ሞላ። ቺትስኬ ከፊት፣ ፓስተር ሄስተር ሦስተኛው ረድፍ ላይ፤ ሰዉ ሁሉ መጽሐፉን አራተኛው ምዕራፍ ላይ ገልጦ ይዟል። ጋሼ ቪትሴ ጭራ ያለውን ጥቁር ኮት ለብሰው ከሬንስኬ ጎን ቆሙ፤ ለኪራይ የተገኘው ኮት ለአጭር ሰው የተሰፋ ስለነበር ጭራው ወገባቸው ላይ ቀርቷል። የሚዜ ሥራ በዛሬ ዘመን መቆም ብቻ ነው። ቢበዛ ሞጋቹ ከመጽሐፉ ጋር ከሚታተሙት ሐሳቦች አንዱን አንብብልኝ ይለው ይሆናል፤ ጋሼ ቪትሴም ለዚያ ብለው ሐሳብ ዘጠኝን ለላሞቻቸው እየደጋገሙ አጥንተዋል።

ሬንስኬ በመጀመሪያ እንደ ወጉ ለቤተ ዘመድ በሚገባው ቋንቋ ሥራዋን አስረዳች። አንጀትን እንደ ከብት በረት አድርጋ ነገረቻቸው፤ ማን ከማን ጋር እንደሚስማማ፣ ማን ማንን እንደሚገፋ። ሰዉ ራሱን እየነቀነቀ ሰማ። ከሦስተኛው ምዕራፍ ወደ አምስተኛው ስትዘል ግን አዳራሹ ተንሾካሾከ። ከዚያ ሊቃውንቱ በካባና በባርኔጣ ተሰልፈው ገቡ፤ ጥያቄው ተጀመረ። ጠየቁ፣ መለሰች። አንዱ ሲጨርስ ሌላው ቀጠለ፤ አራተኛውን ምዕራፍ ማንም አልነካውም። ጥቂት ደቂቃ ሲቀር ተራው የፕሮፌሰር ኦደንዳል ሆነ። ኦደንዳል ቀጭን ናቸው፤ ድምፃቸውም ቀጭን ነው፤ ተማሪ የሚፈራቸው ፈገግ ሲሉ ነው። ፈገግ አሉ።

"የተከበሩ ዕጩ፣ ሌሊቱን ያደርኩት ከቁጥር አሥራ ሰባት ጋር ነው። በዚህ ዕድሜ እንዲህ ያለ አንጀት አይቼ አላውቅም። እስቲ ያስረዱኝ።"

ሬንስኬ ብርጭቆውን አነሣች። "ክቡር ሊቅ ሞጋቼ ሆይ፣ ስለዚህ ጥልቅ ጥያቄ ከልብ አመሰግናለሁ" አለች። ውኃ ጠጣች። ግሪኮቹ ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሰው ነበር። ቀና ስትል ግን መጽሐፉን ገልጠው የሚጠብቋትን የመንደሯን ሰዎች አየች፤ ሰዎቹ ለአንድ ዓመት አፍንጫቸውን ይዘው የጠጡት እሷን አምነው ነው። ብርጭቆውን አስቀመጠች።

"የአራተኛው ምዕራፍ መደምደሚያ ስህተት ነው። ተሳስቻለሁ። ቁጥር አሥራ ሰባት ላይ ያለው ናሙና ከተሳታፊው የተወሰደ አይደለም። ያ ቁጥር ሲወጣ መስመሩ ይተኛል።"

በአዳራሹ አንድ መጽሐፍ ወደቀ። ኦደንዳል ፈገግታቸውን አቆሙ። ይህን እንዴት ሊያውቁ ቻሉ ብለው ጠየቁ። ተነገረኝ አለች። ማን ነገረዎት? መናገር አልችልም፣ ለተሳታፊዎቼ ስማቸውን ላላወጣ ቃል ገብቻለሁ አለች።

"ታዲያ በመጽሐፍ ያሳተሙትን፣ ስሙ በማይጠራ ሰው ቃል ሊሰርዙት ነው?" አሉ ኦደንዳል። "እኔ ይህን ማስረጃ አልለውም። ሐሜት ነው።"

ከጀርባዋ ፕሮፌሰር ቴን ካተ ሲተነፍሱ ይሰማታል፤ መተንፈስ ብቻ ነው የተፈቀደላቸው። መንደሩ ሁሉ ዓይኑን ከእሷ ላይ አንሥቶ ወደ አንድ ሰው አዞረ። ጋሼ ቪትሴም አንድ እርምጃ ወደ ፊት ወጡ።

"ክቡር ሊቅ ሞጋቼ ሆይ" አሉ፣ ላሞቻቸውን በሚጠሩበት ድምፅ። "ሐሳብ ዘጠኝ። ሳይንስ ልክ እንደ..." ቆም አሉ። "አይ፣ እሱ አይደለም። አሥራ ሰባት እኔ ነኝ። የኔን አንጀት እስከዛሬ ያየው የለም። ብልቃጡን ሌላ ሰው ነው የሞላልኝ። ልጅቷ አታውቅም ነበር። ስታውቅም እስከ እሑድ ታገሺኝ ብዬ አፏን የያዝኩት እኔ ነኝ፤ ፈርቼ ነው።"

ጋሼ ቪትሴ በሕይወታቸው ይህን ያህል ተናግረው አያውቁም። የመሐል ወንበር ላይ የተቀመጡት ሰብሳቢ ወደ አጋፋሪው ዞረው፣ ሚዜ መልስ ሊሰጥ ይችላል ወይ ብለው በሹክሹክታ ጠየቁ። ድሮ የወጣው ደንብ አልተሻረም፤ ይችላል። ኦደንዳል ብዙ አሰቡ። ከዚያም ባርኔጣቸውን አነሡላቸው።

"ክቡር ሚዜ፣ በዚህ አዳራሽ ከሰማኋቸው መልሶች ሁሉ ግልጹ የእርስዎ ነው። አንድ ነገር ብቻ ይቀረኛል። ታዲያ የማን ነበር?"

ጋሼ ቪትሴ አፋቸውን ገጠሙ። ሦስተኛው ረድፍ ላይ ፓስተር ሄስተር ከወንበር ሥር የወደቀ ነገር ትፈልግ ጀመር። ያን ጊዜ በሩ ተከፈተ፣ ቃጭሉ ጮኸ፣ በትሩ ወለሉን መታ።

"ሆራ ኤስት" አለ አጋፋሪው።

ሊቃውንቱ ተሰልፈው ለምክክር ወጡ። ሬንስኬ አዳራሹ ውስጥ ቆማ፣ አበቃ፣ አለቀልኝ ስትል፣ ቺትስኬ ከመቀመጫዋ ተነሥታ በቀጥታ ወደ ጋሼ ቪትሴ መጣች። ያን ኮምጣጣ ነገር ዓመት ሙሉ የጠጣሁት በከንቱ ነው ማለት ነው አለቻቸው። ማለት ነው አሉ። እርስዎስ በእውነት ማታ ማታ ይጠጡታል ወይ አለች። እሱ እውነት ነው፣ እወደዋለሁ አሉ። ቺትስኬ ካጠገባቸው አልሄደችም፤ ወገባቸው ላይ የቀረውን የኮቱን ጭራ ወደ ታች ትስብላቸው ጀመር።

ሊቃውንቱ ሲመለሱ ሰብሳቢው ማዕረጉን ሰጧት። የአራተኛው ምዕራፍ ማረሚያ እንዲጻፍ ታዘዘ። ፕሮፌሰር ቴን ካተ አሁን እንዲናገሩ ስለተፈቀደላቸው ተነሡ፤ ስለ አራቱ ነገሮች እንደገና ተናገሩ። "አራተኛውን የሚያስተምር ክፍል የለንም" አሉ። "ዛሬ ግን በዚህ አዳራሽ ተሰጥቷል። የተገኛችሁ ሊቃውንት ሁሉ እንደተማራችሁ ይቆጠርላችሁ።" ኦደንዳል ከሁሉም በፊት አጨበጨቡ።

በመስተንግዶው ላይ ኦደንዳል ብርጭቋቸውን ይዘው ጋሼ ቪትሴ ዘንድ መጡና፣ አሁን በመካከላችን ነው፣ የማን ነበር አሏቸው።

"ክቡር ሊቅ ሞጋቼ ሆይ" አሉ ጋሼ ቪትሴ፣ "ሆራ ኤስት።"

የስጦታው ጠረጴዛ በአበባና በጠርሙስ ተሞልቷል። ጋሼ ቪትሴ ሬንስኬን በክንዷ ይዘው ወደዚያ ወሰዷትና በሰማያዊ ጥብጣብ የታሰረች ሣጥን ሰጧት። ከፈተችው። በረዶ የሆነ አተር የሞላበት ከረጢት ወጣ፤ ከከረጢቱ መሐል ብልቃጥ ወጣ። በጉልህ ጽሕፈት አሥራ ሰባት ይላል።

"ዛሬ ጠዋት ነው፤ አውቶቡሱ ሳይመጣ" አሉ።

"እንዴት ሆነልዎት?"

"እንጃ። እናገራለሁ ብዬ ከወሰንኩ በኋላ በራሱ መጣ።"

አዲሷ ዶክተር እንግዶቿን ትታ፣ ብልቃጡን በአተሩ እንደታቀፈች፣ ግቢውን ተሻግራ ወደ ላቦራቶሪው ሮጠች፤ ናሙና ከቀለጠ ዋጋ የለውም። በበሩ አጠገብ ሲጋራ የሚያጨሱ ተማሪዎች ሙሽራ የጠፋችበት ሰርግ መስሏቸው መንገድ ለቀቁላት።

ውጤቱ በሳምንቱ ወጣ። ጥሩ ነገርም መጥፎ ነገርም የለበትም፤ ምዕራፍ የሚጻፍበት አልነበረም። ሬንስኬ ደወለች። ጋሼ ቪትሴ ከቺትስኬ ቤት ነበሩ፤ ከጀርባ የሳህን ድምፅ ይሰማል።

"እና ስንት ዓመቱ ነው?" አሏት።

"ሰባ ዘጠኝ ነው ጋሼ። አንዲት ዓመት አይጎድለውም፣ አይተርፈውም።"

በስልኩ ውስጥ የሳህኑ ድምፅ ቆመ። ሬንስኬ ያዘኑ መስሏት ልታጽናናቸው ስትል፣ ሰኞ ሰኞ ጣቢያው በር ላይ ትሰማው በነበረው ድምፅ መለሱላት።

"ደርሰናል" አሉ። "ያ የኔ ነው።"